የኢሲጂ ንባብ በድንገተኛ ሕክምና

ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ምርመራ ሲሆን፣ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን አሠራሩን በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

የደረት ሕመም ይዞት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ምርመራው ተደርጎለት ውጤቱ በሐኪም ሊነበብ ይገባል። ኤስ ቲ የተባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ብሎ ከታየ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋቱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ቧንቧውን የመክፈት ሕክምና ሳይዘገይ ይጀመራል።

አስቸጋሪው የልብ የኋላ ግድግዳ ጉዳት ነው። ኢሲጂ ልብን የሚመለከትባቸው የተለመዱት 12 አቅጣጫዎች ይህን ክፍል በቀጥታ ስለማያሳዩ፣ ከፊት ደረት በሚወሰደው ንባብ ላይ መስመሩ ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በመሆኑም ኤሌክትሮዶችን በግራ ጀርባ ላይ ለጥፎ መድገም ያስፈልጋል። መሣሪያው ራሱ የሚያትመው ትርጓሜ እንዲህ ያለውን ጉዳት ሊስተው ይችላል።

የመጀመሪያው ውጤት ጤናማ ቢመስልም ሕመሙ ካልተወ ምርመራው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ልዩነት ይደገማል።