አንድ አጣጣል፣ ሦስት ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። አባባሉ ለሰው ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ የትግል ብልሃት ግን ስሙን የሚያገኘው ከአስተማሪው አፍ ነው። አስተማሪዎች ሲለያዩ ስሙም አብሮ ይለያያል፤ ስሙ ሲለያይ ደግሞ ተማሪዎች ይጣላሉ። ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው እንዲህ ያለውን ጠብ በቅርቡ በዓይናችን ስላየን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ፀሐይ ስትበርድ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ባለው አሸዋ ላይ ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው አይኪዶ የተባለውን የጃፓን ትግል ይለማመዳሉ። ከእነርሱ መካከል ሁለቱ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በተለያየ ከተማ፣ ከተለያየ አሠልጣኝ የተማሩ ናቸው። አንድ ቀን አንደኛው ጓደኛውን ጣለውና «ይህ ኢሪሚናጌ ይባላል» አለ። የወደቀውም አሸዋውን እያራገፈ ተነሥቶ «የለም፣ ኮክዩናጌ ነው፤ አስተማሪህ አሳስቶሃል» ሲል መለሰለት። ነገሩ ከስም አልፎ አስተማሪ ስለ ነካ ከረረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አብረው አይለማመዱም። የቀሩትም ወጣቶች ከወዲህና ከወዲያ ወገን ይዘው፣ በመጨረሻ ፍርድ ፍለጋ ወደ እኛ መጡ። እኛ መጣልም ሆነ በወጉ መውደቅ አናውቅም፤ ይሁን እንጂ የዚህን ትግል ታሪክ በመጠኑ ስላነበብን ፍርዱን ከታሪኩ ውስጥ ለመፈለግ ሞክረናል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

አይኪዶን ላላየ አንባቢ በቅድሚያ አጣጣሉን ራሱን እንግለጽ። አጥቂው እጁን አንሥቶ አናት ለመምታት ይመጣል። ተከላካዩ ወደ ኋላ አይሸሽም፤ ምቱ ሳያርፍበት ወደፊት ገብቶ ከአጥቂው ጎን፣ ከትከሻው በስተኋላ ይቆማል። አንገቱን በአንድ እጁ ወደ ራሱ ትከሻ አስጠግቶ አብሮት ይዞራል። አጥቂው ሚዛኑን ለመመለስ ቀና ሲል፣ የተከላካዩ ሌላ ክንድ በአገጩ ሥር ተነሥቶ ወደ ኋላ ያጋድመዋል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። በጃፓንኛ ኢሪሚናጌ ማለት ገብቶ መጣል፣ ኮክዩናጌ ማለት ደግሞ በትንፋሽ መጣል ማለት ነው። እንግዲህ አንደኛው ስም የእግሩን አገባብ፣ ሁለተኛው ስም ትንፋሹን ይዞ ይጠራዋል። ሦስተኛም ስም አለው፤ እርሱን በቦታው እናመጣዋለን።

የአይኪዶ መሥራች ሞሪሄይ ኡዬሺባ በ1883 ታናቤ በተባለች የጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። በ1912 ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ አዲስ መሬት ለማቅናት ወደ ሰሜኑ የሆካይዶ ደሴት ተሻገረ። በዚያም በ1915 ሶካኩ ታኬዳ ከተባለ ብርቱ የትግል መምህር ጋር ተገናኘ። ታኬዳ ዳይቶ-ርዩ የተባለውን የትግል ስልት ከቦታ ቦታ እየዞረ የሚያስተምር ሰው ነበር። የተማሪዎቹን ስም በመዝገብ እያስጻፈና ማኅተማቸውን እያስመታ በጥንቃቄ ይይዝ ነበር። ብልሃቶቹን በተመለከተ ግን ለተማሪ ከሚሰጡት ጥቅልሎች አንዱ 118 አንቀጾች ሲኖሩት፣ እነዚህም በክፍል ተመድበው ኢካጆ፣ ኒካጆ፣ ሳንካጆ ይባሉ ነበር። ትርጓሜውም በሕግ መጽሐፍ ላይ እንደምናየው «አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት፣ አንቀጽ ሦስት» እንደ ማለት ነው። ቁጥር ደግሞ የተራውን ነገር ይነግር እንደሆነ እንጂ እጅና እግር ምን እንደሚሠሩ አይነግርም።

ኡዬሺባ በ1922 ከታኬዳ የማስተማር ፈቃድ አገኘ፤ በ1927 ወደ ቶክዮ ሄደ፤ በ1931ም ኮቡካን የተባለ የልምምድ አዳራሽ ከፈተ። ሲያስተምር በቃል ብዙ አያብራራም ነበር። አንዱን ተማሪ ጠርቶ ይጥለዋል፤ ደግሞ ይጥለዋል፤ ከዚያም ያዩትን እንዲሞክሩ ይተዋቸዋል። ለብዙዎቹ ብልሃቶች ቋሚ ስም አላወጣላቸውም። የሙያው ጠቅላላ ስም እንኳ ሲለዋወጥ ቆይቶ «አይኪዶ» ተብሎ የተመዘገበው በ1942 ነው። በዚህም ምክንያት ተማሪዎቹ እጃቸው የለመደውን ይዘው በየአቅጣጫው ሲሄዱ፣ ስም የማውጣቱ ሥራ ለየራሳቸው ቀረ።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለመረዳት የጎረቤቱን የጁዶን ታሪክ ማስተያየት ይጠቅማል። ጂጎሮ ካኖ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ቤት የመሠረተው በ1882 ነው። ካኖ የትምህርት ሰው ነበር፤ በቶክዮ የከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት ሠርቷል። እንደ መምህርነቱም የትምህርት ዝርዝር ያለውን ጥቅም ያውቅ ነበር። በ1895 ቤቱ 42 አጣጣሎችን በአምስት ክፍል መድቦ አወጣ፤ በ1920 ዝርዝሩ ታርሞ 40 ሆነ። ከዚህም በላይ ጁዶ ውድድር አለው። ውድድር ዳኛ ይፈልጋል፤ ዳኛና ተመልካችም ማን በምን አጣጣል እንዳሸነፈ በአንድ ቃል መነጋገር አለባቸው። አንድ ቤት፣ አንድ ዝርዝር፣ አንድ ስም ሆነ። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የጁዶ ተማሪ ኦሶቶጋሪ ሲባል የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ኡዬሺባ ግን ውድድርን አልፈቀደም። ዳኛ በሌለበት ሜዳ ስም አንድ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም።

ከኡዬሺባ ተማሪዎች አንዱ ጎዞ ሺዮዳ ነው። ወደ አዳራሹ የገባው በ1932፣ ማለትም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። በ1955 ዮሺንካን የተባለውን የራሱን ቤት መሠረተ። በዚህ ቤት ብዙ ሰው፣ ከእነርሱም መካከል የቶክዮ ፖሊሶች፣ በሰልፍ ቆመው ስለሚማሩ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በቁጥር ተከፋፍሎ ይሰጣል። ሺዮዳ በወጣትነቱ የሰማቸውን ኢካጆና ኒካጆ የሚሉትን ስሞች አልጣለም። የኡዬሺባ ልጅ ኪሾማሩ የመራው ዋናው ቤት፣ አይኪካይ፣ ግን ከጦርነቱ በኋላ ኢክዮና ኒክዮ፣ ይኸውም «ትምህርት አንድ፣ ትምህርት ሁለት» ብሎ ለወጣቸው። እነዚህ ጥሎ የመያዝ ብልሃቶች ናቸው፤ ልዩነቱ ግን በአጣጣልም ላይ ይታያል። አንድ አጣጣል በአጥቂው ፊት ወይም በጀርባው በኩል ሊሠራ ይችላል። አይኪካይ እነዚህን ኦሞቴና ኡራ፣ ፊትና ጀርባ ሲላቸው፣ ዮሺንካን «አንድ»ና «ሁለት» ይላቸዋል።

ኬንጂ ቶሚኪ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በ1900 የተወለደ ሲሆን ወደ ኡዬሺባ የመጣው ጁዶን ከካኖ ቤት ተምሮ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በሶቪየት ኅብረት እጅ ወድቆ ሦስት ዓመት ያህል በምርኮ ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1958 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የአይኪዶ ክበብ ተቋቋመ። ቶሚኪ አይኪዶም እንደ ጁዶ ውድድር እንዲኖረው አሰበ። ውድድር ከመጣ ዝርዝር መምጣቱ የግድ ነው። ስለዚህ 17 ብልሃቶችን መርጦ አምስቱን በምት፣ አምስቱን በክርን፣ አራቱን በእጅ አንጓ፣ ሦስቱን በማንሳፈፍ ክፍል መደበ። እያንዳንዱንም በሚሠራው ሥራ ሰየመው። በአራቱ ማዕዘን መጣል፣ ሺሆናጌ፣ የሚባለው ዝነኛ አጣጣል በእርሱ ዝርዝር ላይ ቴንካይ-ኮቴጋኤሺ፣ ዞሮ አንጓን መመለስ፣ ሆነ። ወጣቶቻችን የተጣሉበትንም አጣጣል በምት ክፍል አስገብቶ አይጋማኤ-አቴ አለው፤ በተመሳሳይ አቋቋም መምታት ማለት ነው። ሦስተኛው ስም ይኸውላችሁ። አይኪካይ ውድድሩን ከመሥራቹ ሐሳብ ጋር የማይሄድ ነው ብሎ አልተቀበለውም፤ ቶሚኪ ግን ውድድሩንም፣ አይኪዶ የሚለውን ስምም አልተወም።

ኮክዩናጌ የሚለው ስም ወደ ሁለተኛው ወጣት የደረሰው በኮይቺ ቶሄይ በኩል ነው። ቶሄይ በ1953 ወደ ሃዋይ ሄዶ አይኪዶን ካስፋፉት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ሲሆን በአይኪካይም የአስተማሪዎች አለቃ ነበር። ትምህርቱ በሙሉ ኪ ስለሚባለው የውስጥ ኃይልና ስለ አእምሮና አካል አንድነት ነው። ኡዬሺባ በ1969 ከሞተ በኋላ በቶሄይና በዋናው ቤት መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄዶ በ1974 ተለያዩ። በቶሄይ ቤት አጣጣሉ ኮክዩናጌ ይባላል፤ ፊትና ጀርባ የሚባሉትም ኢሪሚና ተንካን፣ መግባትና መዞር ናቸው። በአይኪካይ ግን ኮክዩናጌ የአንድ አጣጣል ስም አይደለም። የራሳቸው ስም የሌላቸው ብዙ አጣጣሎች የሚሰበሰቡበት ሰፊ ቤት ነው። ስለዚህ አንደኛው ወጣት «ኮክዩናጌ» ሲባል የሚመጣለት ሥዕል ከጓደኛው ሥዕል የተለየ ነው። ጓደኛው ተሳስቷል ብሎ ማሰቡም ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድር ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብለን ብንዘጋው ሽማግሌ ለማስታረቅ ያህል የሚናገረው ይሆንብናል። ታሪኩ ከዚያ የበለጠ ይነግረናል። ኢካጆ የሚል ሰው አስተማሪው፣ ወይም የአስተማሪው አስተማሪ፣ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ትምህርት እንደ ወሰደ ያመለክታል። አይጋማኤ-አቴ የሚል ሰው ከዩኒቨርሲቲው ክበብ ወገን ነው። አጣጣሉን ኮክዩናጌ የሚል ሰው ከ1974ቱ መለያየት በወዲያኛው በኩል ካለው ቤት ነው። ስሙ ስለ አጣጣሉ ከሚነግረን ይልቅ፣ አጣጣሉ በማን እጅ አልፎ እንደ መጣ ይነግረናል። የተጓዘ ሰው የመጣበትን መንገድ በንግግሩ እንደሚያስታውቅ ያለ ነው።

ይህም ማለት ስም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እኛ በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስም የተማሪን ዓይን ወዴት እንደሚመራ እናውቃለን። «ገብቶ መጣል» ተብሎ የተማረ ልጅ እግሩን ይጠብቃል። «በትንፋሽ መጣል» የተባለው ጉልበቱን ላላ አድርጎ ጊዜውን ይጠብቃል። «መምታት» የተባለው ደግሞ ክንዱ ከአገጭ ሥር የሚያርፍበትን ቦታ ይጠብቃል። ሦስቱም በአጣጣሉ ውስጥ አሉ። አንዱን ስም ብቻ የሚያውቅ ተማሪ አንዱን ሲይዝ ሁለቱ እንዳያመልጡት ያሰጋል። እያንዳንዱ አስተማሪ ከጌታው እጅ ካየው ውስጥ ለራሱ የከበደውን ወይም የበለጠበትን መርጦ ስም አደረገው። ስሞቹን አንድ ላይ ስናደርጋቸው፣ መሥራቹ ሳይናገር ያሳየው ነገር በከፊልም ቢሆን ተመልሶ ይታየናል።

በስም የተነሣ የተለያዩ ወንድማማቾችን እኛ በዚህ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ከማንም ይልቅ አይተናል። አንድ ዓይነት ነገር እየፈለጉ፣ የሚጠሩበት ቃል ስለ ተለየ ብቻ በአንድ ማዕድ መቀመጥ የተዉትን እናውቃለን። የጃፓን መምህራንም ከዚህ አላመለጡም። ሆኖም ሺዮዳና ቶሚኪ፣ ቶሄይና ኪሾማሩ ዛሬ ሁሉም በሕይወት የሉም፤ አጣጣሉ ግን በአራቱም ቤት አለ፤ የሚወድቀውም ሰው በአራቱም ቤት ወደ ኋላ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ለሁለቱ ወጣቶች የምንለው ይህን ነው። ስማችሁን አትለውጡ፤ ከአስተማሪዎቻችሁ የተቀበላችሁት ነውና ጠብቁት። ነገር ግን አንዳችሁ ሌላውን «አስተማሪህ አሳስቶሃል» ከማለት ይልቅ «አስተማሪህ ለምን እንዲህ አለው?» ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱ የሚገኘው ደግሞ በክርክር ሳይሆን እየጣላችሁና እየወደቃችሁ ነው። አሸዋው አሁንም ከትምህርት ቤቱ ኋላ አለ። ነገ ፀሐይ ስትበርድ ሁለታችሁንም በዚያ እንጠብቃለን።