የወታደር ሸክም፤ የጋራ ደንብና የግል ምርጫ

የጦርነትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የጦር አለቆችን ብልሃት፣ የመድፍንና የጠመንጃን ዐይነት፣ የድልንና የሽንፈትን ቀን ነው። ተራው ወታደር ከሰፈሩ ተነሥቶ ከጦሩ ሜዳ እስኪደርስ በጀርባው ያዘለውን ጓዝ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ጥይቱም፣ ውሃውም፣ ስንቁም፣ የቁስሉ መጠቅለያም በዚያ ጓዝ ውስጥ ነውና፣ ሸክሙ በሚገባ ያልተሰናዳለት ወታደር ጠላቱን ሳያይ ግማሽ ኃይሉን አጥቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ አንድ የቆየ ክርክር ለመመርመር አስበናል። ይኸውም የወታደር ትጥቅ ለሁሉ አንድ ዐይነት ሆኖ በደንብ ይወሰን ወይስ እያንዳንዱ እንደ ሥራውና እንደ ቁመናው ያሰናዳው የሚለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጋራ ደንብ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ላይ የሮማን ጦር የመራው ማርዮስ ሠራዊቱን ተከትሎ የሚጓዘውን የጭነት ከብት ቀንሶ፣ ወታደሮቹ ስንቃቸውንና ዕቃቸውን በባላ እንጨት ላይ አስረው በትከሻቸው እንዲሸከሙ አደረገ። ከዚህ የተነሣ ሰዎች «የማርዮስ በቅሎዎች» እያሉ ቀለዱባቸው። ቀልዱ መራራ ቢሆንም ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ የሠራዊቱ ጭራ አጠረ፣ አዛዡም እያንዳንዱ ሰው ምን እንደያዘ ሳይጠይቅ ዐወቀ። ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ጦር ሥርዓት የጻፈው ቬጌጥዮስ፣ አዲስ ምልምሎች እስከ 60 የሮማ ፓውንድ፣ ማለት 20 ኪሎ ግራም ያህል፣ ተሸክመው መጓዝን እንዲለማመዱ መክሯል።

በአገራችን የነበረው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። የክተት ዐዋጅ ሲነገር ዘማቹ መሣሪያውንና ስንቁን ራሱ አሰናድቶ ይመጣ ነበር። ቆሎውን፣ በሶውንና ድርቆሹን በስልቻና በአቅማዳ ይይዛል፤ ያለው በበቅሎ ወይም በአህያ ይጭናል፤ የሌለው ራሱ ይሸከማል፤ ሴቶችም ማሰሮውንና ዱቄቱን አዝለው ይከተላሉ። በዚህ ሥርዓት ሁሉም እንደ አቅሙና እንደ ፈቃዱ የተሰናዳ ስለ ሆነ፣ ለብዙ ወራት የሚደረግ ዘመቻ ያለ ትልቅ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሊከናወን ችሏል። ነገር ግን ሀብታሙና ድኻው እኩል ስንቅ አልነበራቸውም፤ ለሠራዊቱ ስንት ቀን እንደ ቀረውም አስቀድሞ ማስላት አስቸጋሪ ነበር። በ1888 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር በዐድዋ አካባቢ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ሳሉ የወገን ስንቅ እየመነመነ መሄዱ ታላቅ ሐሳብ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የጠላትም ስንቅ እንዲሁ እያለቀ ነበር። ድሉን ያገኘው የዘማቹ ጀግንነት ነው፤ ጀግንነቱን ግን ረኃብ ሊቀድመው ምንም አልቀረውም ነበር።

በአውሮፓ ደንቡ ቢኖርም ደንቡ ራሱ ወታደሩን የሚጎዳበት ጊዜ ነበረ። ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የሐኪሞችና የመኮንኖች ኮሚቴ ተቋቁሞ የወታደሩን የጀርባ ቦርሳ መረመረ። ከአባሎቹ አንዱ ስለ ወታደር ጤና ሊቅ የነበረው ኤድመንድ ፓርክስ ነው። ማንገቻው ደረትን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሳንባና ለልብ ጠንቅ መሆኑ ታወቀ። ከዚህም የተነሣ በ1871 ዓመት ክብደቱ በትከሻና በወገብ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ አዲስ ትጥቅ ጸደቀ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የቀድሞው ቦርሳ የተወቀሰው አንድ ዐይነት በመሆኑ አይደለም፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች የተሸካሚውን ገላ ሳያማክሩ በመወሰናቸው ነው።

በ1908 ዓመት ደግሞ እንግሊዞች ከጥጥ በተሸመነ ጠንካራ ጥብጣብ የተሠራ ትጥቅ አወጡ። ዐሥር ትንንሽ ኪሶች 150 ጥይት ይይዛሉ፤ ኮዳው፣ ሳንጃውና መቆፈሪያው ሁሉ የተወሰነ ቦታ አላቸው፤ ከፊትና ከኋላ ያለው ክብደት ይመዛዘናል፤ ሙሉውም እንደ ኮት በአንድ ጊዜ ይለበሳል፣ ይወልቃል። ለዘመኑ እጅግ የተመሰገነ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በ1916 ዓመት ሐምሌ 1 ቀን በሶም ወንዝ አጠገብ ጥቃት ሲጀመር እያንዳንዱ እግረኛ 30 ኪሎ ግራም ያህል ተሸክሞ ከምሽጉ ወጣ። ተጨማሪ ጥይት፣ የእጅ ቦምብ፣ ባዶ የአሸዋ ከረጢት፣ ለብዙዎቹም አካፋና ዶማ ታክሎበት ነበርና፣ ከምሽግ መውጣት ራሱ ጭንቅ ሆነ፤ ሮጦ መሻገር ደግሞ አልተቻለም። በዚያ አንድ ቀን 19,240 የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች ሞቱ። የሞታቸው ዋና ምክንያት ያልተበጠሰው ሽቦና የጠላት መትረየስ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን መልካም የሆነው ትጥቅ፣ በላዩ ላይ እየደረበ የሚጭን አለቃ ሲያገኝ ሰውን ሊያድን እንደማይችል ያ ቀን አሳይቷል።

የጋራ ደንብ ጥቅሙ እጅግ ጎልቶ የሚታየው በ1937 ዓመት በወጣው በሌላው የእንግሊዝ ትጥቅ ነው። በወታደሩ ደረት ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ ኪሶች የተሠሩት የብሬን መትረየስን የጥይት ካዝና እንዲይዙ ነው። መትረየሱን የሚተኩስ አንድ ሰው ነው፤ ካዝናውን ግን የጓዱ አባሎች ሁሉ ተከፋፍለው ይሸከማሉ፤ ተኳሹ ሲጨርስ ከማናቸውም ባልንጀራው ኪስ ያገኛል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው። ኪሱ አንድ ዐይነት ባይሆን ኖሮ ሎሚው ሊከፋፈል ባልቻለም ነበር።

የኛም ወታደሮች የዚህን ጥቅም በሩቅ አገር ቀምሰውታል። በ1951 ዓመት በግንቦት ወር ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲመደብ የአሜሪካን ጦር መሣሪያና ትጥቅ ተረከበ። አባቶቻቸው ስንቃቸውን በአቅማዳ ይዘው የዘመቱ ሰዎች፣ ከሌላ ሕዝብ ግምጃ ቤት የወጣውን ጥይት በዚያው ትጥቅ ይዘው ከባዕድ ጦር ጎን ሊዋጉ የቻሉት ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ስለ ተሠራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ወደ ግል ምርጫ ዞረ። የሬዲዮ ሠራተኛው፣ የሕክምና ረዳቱና የመትረየስ ተኳሹ ሥራ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ለሁሉ አንድ ዐይነት ኪስ መስጠት እንደማይበቃ ታወቀ። አሜሪካኖች በ1973 ዓመት ያጸደቁትን አሊስ የተባለ ትጥቅ ከ1997 ዓመት ጀምሮ ሞሊ በተባለው መተካት ያዙ። በዚህ በአዲሱ ትጥቅ ሰደርያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች በረድፍ በረድፍ ተሰፍተዋል፤ ወታደሩም ኪሶቹን በፈለገው ቦታ ያስራቸዋል፣ ሲሻው ይለዋውጣቸዋል። ግራኝ የሆነው በግራው፣ አጭሩም በቁመቱ ልክ ያሰናዳል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንሻው ነገር፣ ይህ ነፃነት ራሱ በደንብ ላይ የቆመ መሆኑን ነው። የጥብጣቡ ስፋትና ርቀት ለሁሉ አንድ ባይሆን አንዱም ኪስ ከሌላው ሰደርያ ጋር ሊገጥም አይችልም።

ታዲያ ምርጫው ሸክሙን አቀለለውን? አላቀለለውም። በ2003 ዓመት በአፍጋኒስታን በአሜሪካ እግረኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወታደሩ ለውጊያ ብቻ የሚይዘው በአማካይ 28 ኪሎ ግራም ከግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ለረዥም ጉዞ ሲነሣ ደግሞ 46 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከም ነበር። የጥይት መከላከያ ልብስና የሬዲዮ ባትሪ እንደ ጨመረበት እርግጥ ነው። ሆኖም ባዶ ቦታ የታየበት ትጥቅ ሁሉ አንድ ኪስ እንዲታከልበት መጋበዙ አይቀርም። አሜሪካዊው መኮንን ማርሻል በ1950 ዓመት ስለ ወታደር ሸክም ባሳተመው መጽሐፍ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ አለቆች ሊመጣ የሚችለውን ችግር ሁሉ እየፈሩ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይጭናሉ። በ1944 ዓመት ሰኔ 6 ቀን በኖርማንዲ ባሕር ዳር ከጀልባ ወደ ጥልቅ ውሃ ከወረዱት ወታደሮች መካከል የገዛ ሸክማቸው ያሰጠማቸው ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ክርክሩ በአንዱ ወገን አሸናፊነት የሚያልቅ አለመሆኑን ነው። ለራሱ ለባለቤቱ እጅና ቁመና ብቻ የሚያገለግለው ነገር ለምርጫው ሊተውለት ይገባል። ባልንጀራው ሊፈልገው የሚችለው ግን በደንብ መወሰን አለበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የቁስል መጠቅለያውን በእያንዳንዱ ወታደር ኮት ውስጥ በአንድ የተወሰነ ኪስ ያኖሩት፣ ዛሬም በሞሊ የሚገለገሉ የጦር ክፍሎች የሕክምና ኪሱ ቦታ አንድ እንዲሆን የሚያዝዙት ስለዚህ ነው። የቆሰለ ሰው ኪሱን ራሱ አይፈልግም፤ የሚፈልግለት ሌላ ሰው ነው፤ ያም በጨለማ ሊሆን ይችላል።

የሸክሙ መጠን ግን ለኪስ ዐይነትም ለወታደሩ ምርጫም የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የአዛዡ ኃላፊነት ነው። ትእዛዝን በጽሕፈት ቤት ሆነን የምናወጣ፣ ደንብንም ለሌሎች የምናስተምር ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው። በወረቀት ላይ የተጨመረች አንዲት መስመር ለጻፊው አትከብደውም፤ በተራራው ላይ ለሚወጣው ግን አንድ ተጨማሪ ኪሎ ናት።