ለመተኛት የሚኬድ መንገድ

ይፋትን የለካ ሁሉ በእግር ነው የለካው። የደማስቆው ተወላጅ አል-ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋትን ርዝመትና ወርድ የጻፈው በቀን ጉዞ ቆጥሮ ነው፤ ያውም ራሱ አገሩን ሳይረግጥ፣ ከዚህ የሄዱ ሰዎችን እየጠየቀ። የእኛም ሽማግሌዎች ከዚያ አልራቁም። «ሰንበቴ ስንት ይርቃል?» ሲባሉ «በዶሮ ጩኸት ከተነሣህ ገበያው ሳይሞቅ ትደርሳለህ» ይሉ ነበር። በዚህ አንድ መልስ ውስጥ መንገዱም አለ፣ እንቅልፉም አለ። እኔን የሚገርመኝ ይኸው ነው።

ዕድሜዬን በወባ መከላከል ሥራ ጨርሼ በሸዋ ሮቢት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስኳሬ ከፍ ማለቱን ስትሰማ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ስማርት ሰዓት ገዝታ ላከችልኝ። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ያያል፣ እንቅልፍ ይመዝናል። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት አለው፤ ደም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰዓቱም ከዚያ ምቱን ያሰላል። እርምጃን የሚያውቀው በክንድ መወዛወዝ ነው። እንቅልፍን ግን አያየውም። ክንድ ጸጥ ካለና የልብ ምት ዝቅ ካለ «ተኝቷል» ብሎ ይገምታል፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ግምቱን ቀላል እንቅልፍ፣ ጥልቅ እንቅልፍ እያለ ከፋፍሎ እንደ ፈተና ውጤት ያመጣዋል። ውጤቱን ልጄም በስልኳ ታየዋለች። «አባባ፣ ትናንት ሌሊት ደግሞ ለምን አልተኙም?» ትለኛለች። «ሙቀት ነዋ ልጄ፣ ሮቢት እኮ ነው ያለሁት።»

ሰዓቱ እርምጃን በአንድ ክብ፣ እንቅልፍን በሌላ ክብ ሥሎ ለየብቻ ያሳያል። በይፋት ታሪክ ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ሰው የሚሄደው ለመተኛት ነበር።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበላይዋ የቆመው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ገደል ላይ የሚኖረው ገበሬ ድሮ ማሽላና ጤፉን ታች ቆላ ይዘራ ነበር፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን መሣሪያውን ሰብስቦ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ቆላ ያደረ ሰው ንዳድ ይይዘው ነበር፣ ንዳድ የያዘው ደግሞ ላይመለስ ይችል ነበር። ትንኝ ናት ያለ አልነበረም፤ ክፉ አየር ነው ይሉ ነበር። ምክንያቱን ባያውቁትም ሰዓቱን አልሳቱም፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው በሌሊት ነው። ስለዚህ በይፋት «ደህና እንቅልፍ» ከፍታ ያለው ነገር ነበር፤ ለእሱም በየማታው ዳገት ይከፈል ነበር። አልዩ አምባና መሰሎቿ የቆዩ መንደሮች በየተራራው አፍንጫ ላይ የተሰቀሉት ለዚህ ብቻ ነው አልልም። ጠላትን ከሩቅ ማየትም አለ። ግን ከትንኝ በላይ መተኛትም አለበት።

ከምሥራቅ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያደርገው ነበር፤ በረሃውን በሌሊት ይሄዳል፣ በቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። በግንቦት መጨረሻ ተነሥቶ ይፋት የደረሰው በሐምሌ ነው። በመንገድ ላይ በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንደሰፈሩ ከጓዶቹ ሦስቱ በተኙበት ታርደዋል። የሸዋ በር የነበረችው ፋሪ ላይ ሲደርሱ የተሰማቸው እፎይታ በመጽሐፉ ውስጥ ይታያል፤ አንድ ሌሊት ሳይሰጉ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን አልዩ አምባ ተቀምጦ በትኩሳት ሲማቅቅ ከርሟል። መጽሐፉን ሳነብ ሐዘኔታዬ እንደ ባለሙያ ነው፤ ይህን ትኩሳት አውቀዋለሁ።

በዚያው መንገድ ግን በፈቃዳቸው የማይሄዱም ነበሩ። ከአልዩ አምባ አጠገብ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ልጆች በዚያ አልፈው ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር፤ ንጉሡም ቀረጡን ይወስድ ነበር። ስለ አባቶቻችን ብርቱ እግር በኩራት ስናወራ እነዚህን ልጆች ቆጥረን ብናውቅ ጥሩ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ከማንኛችንም በላይ መንገድ ያውቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ሰዓቱስ? ሰዓቱ ሰውየው ራሱ ነበር። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጥላው ጫፍ የደረሰበትን ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በራሱ ጫማ ተረከዝን ከጣት እያገናኘ ይለካል። ቤተ ክርስቲያን በየወሩ የጥላው ጫማ ስንት ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሚሆን በግእዝ ሰንጠረዥ ጽፋ አስቀምጣለች፤ የጾም መፍቻ በዚያ ይታወቅ ነበር። የአርጎባው ጎረቤት ለዐስር ሶላት ጥላው ቁመቱን እስኪያክል ይጠብቃል፤ ያ በጫማ ሲለካ ስድስት ተኩል ወይም ሰባት ይመጣል። የዚህ ብልሃት ውበቱ በሰው ቁመት አለመዛባቱ ነው። ረጅሙ ሰው ጥላው ረጅም ነው፣ እግሩም ረጅም ነው፤ አጭሩም እንዲሁ በልኩ። ሁለቱም አንድ ሰዓት ያገኛሉ። በክንድ ጨርቅ መሸጥ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ገበያ ሲወጣ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ የሚሄድ ብልጥ እንደነበር ሽማግሌዎች እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

ለመተኛት ሽቅብ መውጣቱን የለወጡት መንገድና ዲዲቲ የተባለው የትንኝ መድኃኒት ናቸው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጣርማ በርን በስቶ የደሴን መንገድ አወረደ፤ መኪናው ቆላውን ሰንጥቆ አለፈ። ሰው መንገዱን ተከትሎ ቢወርድም ንዳዱ ግን እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 እስከ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ድረስ የወጣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። እኔ የገባሁት ዘግይቼ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ፓምፑን በትከሻ አንግተን ከቤት ቤት እንሄዳለን፤ በሩ ላይ ቁጥር እንጽፋለን፤ ዕቃ ይወጣል፣ ግድግዳው ይረጫል። ትንኟ ደም መጥጣ ስትከብድ ግድግዳ ላይ ነው የምታርፈው፤ እዚያ እናገኛታለን። በመጀመሪያ ሰዉ ይወደን ነበር፤ ትኋኑም አብሮ አለቀለት። በኋላ ትኋኑ መድኃኒቱን ለመደና ይባስ ይርመሰመስ ጀመር። «እናንተ ናችሁ እንቅልፍ ያሳጣችሁን» ብለው በር የዘጉብን ባልቴቶች ነበሩ። አንዳንዱ ደግሞ እኛ በወጣን ማግስት ግድግዳውን በጭቃ ይለስነዋል። ሥራችን ለካ ሰውን ቆላ ማስተኛት ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የነገረን ግን የለም።

ሰዉም ቆላ ተኛ። ሸዋ ሮቢት አደገች፤ የትምባሆ እርሻው፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው፣ ማንጎው ሰው ጠራ። ማታ ሽቅብ የሚወጣው ቀረ። ቀጥሎ ባጃጅ መጣ፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ እንኳ የሚሄድ ጠፋ። ከዚያ ስኳርና ግፊት መጡ፤ ሐኪሙም «ይራመዱ» ይለን ጀመር። አያቴ ለመተኛት የሚወጣውን ዳገት እኔ አሁን ለጤና ብዬ አስፋልት ዳር እፈልገዋለሁ፤ ሰዓት አስሬ።

ሰዓቱ ደግሞ 10 ሺህ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብዬ ሳነብ ወደ ራሴ አገር የሚመልስ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1964 ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ነበር። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ነው፤ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሁለት ወር ሳይሞላው። የተወለደው ደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ነው፣ ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ ማለት ነው። ጃፓኖች ከኦሊምፒኩ በኋላ ስለ እንቅስቃሴ ብዙ ማውራት ጀመሩ፤ በ1965 ያማሳ የተባለ ኩባንያ በወገብ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ አወጣና 10 ሺህ እርምጃን በስሙ ላይ አደረገው። ቁጥሩ ለጆሮ የሚጥም የገበያ ቁጥር ነበር፤ ከሐኪም ቤት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርዷ አይ-ሚን ሊና ባልደረቦቿ በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸውን ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ተከታትለው፣ በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ያነሰ እንደሚሞቱ፣ ከ7,500 በላይ ግን ጥቅሙ እንደማይጨምር አገኙ። በዕድሜ እኩያዎቼ ናቸውና ይህን ወረቀት ለልጄ አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ ስለ 10 ሺህ አትጨቀጭቀኝም።

ቁጥሩን ሌላም ነገር ያሳስተዋል። አንድ የማውቀው ሸማኔ እጁ ላይ አስሬለት ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ሰዓቱ መንገድ ላይ ያለ መሰለው። ባጃጅ ኮረኮንች ላይ ሲንጠኝም ያው ነው። ሁለት ኩንታል ሽንኩርት በጋሪ ገፍቶ የወጣ ልጅ ግን፣ እጁ ጋሪው ላይ ስለሆነ፣ ምንም አልሠራም። ዳገቱም ቁልቁለቱም ለሰዓቱ አንድ እርምጃ ነው፤ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

በሌሊትማ ተዉት። ሰዓቱ ቀኑን የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። የእኛ ቀን ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ወይ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አቆጣጠር ፀሐይ ስትጠልቅ። በእኩለ ሌሊት የተቆረጠ ቀን በይፋት ለማንም አይጠቅምም። የሮቢን ወንዝ ውሃ በተራ የሚጠብቅ ገበሬ የውሃ አባቱ ሲጠራው በዚያው ሰዓት አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ግማሹ ድካሙ ለትናንት፣ ግማሹ ለዛሬ ይመዘገብለታል። ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ የሚያድረው ልጅ ለጃርትና ለከርከሮ በየመሃሉ ይጮኻል፤ ሲነጋ ለግሪሳ ወፍ ወንጭፍ ያነሣል። ማኅሌት የቆመ ደብተራ፣ በረመዳን ለሱሑር የምትነሣ እናት፣ ሁሉም በሰዓቱ ፊት «እንቅልፍ ያነሳቸው» ናቸው።

እንቅልፍን በሚገባ የለኩ ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት የታንዛኒያ ሀድዛዎችን፣ የናሚቢያ ሳኖችንና የቦሊቪያ ጺማኔዎችን ክንድ ላይ መለኪያ አስሮ ነበር። መብራት የሌላቸው ሰዎች ሆነው ሳሉ በአማካይ የሚተኙት ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ብቻ ነው፤ እንቅልፍ የሚወስዳቸውም ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ነው። ይህን ለሮቢት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በግንቦት አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበሩን ዛፍ ላይ አስሮ፣ ነፋሱ እስኪመጣ እያወራ ያመሻል። ስምንት ሰዓት አልሞላህም ብሎ የሚወቅሰን ሰዓት የተሠራው ቀዝቃዛ አገር ላለ ሰው ይመስለኛል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው ልጆቹን አዝሎ በሌሊት እንደ አያቶቹ ሽቅብ ወጣ። ያን ጊዜም መንገዱና እንቅልፉ አንድ ነበሩ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰዓቱን አልጠላሁትም። የልብ ምቱን ለሐኪሜ አሳየዋለሁ፣ እርምጃውን በጥርጣሬ እቀበላለሁ፣ የእንቅልፉን ውጤት አልቀበልም፤ ማታ ላይ አወልቀዋለሁ። ለወጣቶች ግን አንድ የምለምነው አለኝ። እጃችሁ ላይ ያሰራችሁት መሣሪያ መንገድን በካርታ መመዝገብ ይችላል። ከአልዩ አምባ ወደ ፋሪ የሚወርደውን የሲራራ መንገድ፣ ገበሬው ከማሽላው ወደ ቤቱ ይወጣበት የነበረውን ዳገት በእግራቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን 80 አልፈዋል። ሰላም ባለበት ቦታ፣ ጉልበት ካላቸው ጋር አብራችሁ ሂዱ፤ ጉልበት የሌላቸውን ተቀምጣችሁ ጠይቁ። የት ውሃ ይጠጡ ነበር? የት ያድሩ ነበር? የት አናድርም ይሉ ነበር? ለምን? በየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ነበር ከብቱ የሚገባው? መልሱን ከካርታው ጋር ጻፉት፤ አንድ ቅጂም ለየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ። ጀምሩ፣ ከቻላችሁ በዚህ በጋ።