«የፖርቱጋል ግንብ» ማን ሠራው? የቅርስ ጉብኝትና የታሪክ ትምህርት

ተማሪዎችን ወደ ሙዚየምና ወደ ታሪካዊ ቦታዎች መርቶ ማስጐብኘት የታሪክ ትምህርት ዋና ክፍል መሆኑን የማይቀበል መምህር የለም። ዳሩ ግን ጉብኝት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚደረገው አስጐብኚው የሚለውን መስማት፣ ፎቶግራፍ መነሣትና መመለስ ነው። ተማሪው ያየው ሕንጻ በማን ትእዛዝ፣ በማን እጅ፣ ለምን ዓላማ እንደ ተሠራ ሳይጠይቅ ከተመለሰ ድንጋይ አየ እንጂ ታሪክ አላየም። ይህንንም ከጣና ሐይቅ ሰሜን አንሥቶ እስከ ሱዳን ጠረፍ፣ እስከ ገላባትና ባሱንዳ በሚደርሰው አገር ምሳሌነት ማስረዳት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ አገር በኖራ የተገነባ አሮጌ ሕንጻ ሁሉ «የፖርቱጋል ሥራ ነው» ይባላል። የጎርጎራው ፍርስራሽ፣ የደንቀዙ ቤተ መንግሥት፣ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ፣ አንዳንዴም የጎንደር ግንቦች ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠራሉ። አባባሉ ምን ያህል እውነት እንዳለበት ለማወቅ ፖርቱጋሎቹ እነማን እንደ ነበሩ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ፖርቱጋሎች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በሦስት መልክ ነው። መጀመሪያ የመጡት መልእክተኞች ናቸው። የኮቪልያ ከተማ ተወላጅ የሆነው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገብቶ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ስለ ተከለከለ በዚሁ ኖረ። በ1520 የሮድሪጎ ደ ሊማ መልእክተኞች ምጽዋ ደርሰው እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት ቆዩ። አብሮአቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ሁለተኛዎቹ ወታደሮች ናቸው። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ሰው አስከትሎ ገባ፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። ከሞት የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈው ኢማም አሕመድ በወደቁበት በ1543ቱ ጦርነት ተካፈሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው በዚሁ ቀሩ። ሦስተኛዎቹ ከ1557 ጀምሮ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን ናቸው፤ የመጀመሪያ መኖሪያቸውም በአድዋ አጠገብ ፍሬሞና ነበረ።

ከሚሲዮናውያኑ ስሙ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው በ1603 የገባው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። እርሱ ግን እስፓኛዊ እንጂ ፖርቱጋላዊ አልነበረም። በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አሠርቶአል። ዛሬ ፈርሶ የሚታየው የማርያም ግንብ ግን ፓኤዝ በ1622 ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። ስለ ኖራውም ቢሆን፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የታወቀው በ1620ዎቹ መግቢያ ላይ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት እንደ ነበረ ራሱ ሚሲዮናዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጽፎአል። እንግዲህ «የፖርቱጋል» በሚባለው ሥራ ውስጥ እስፓኛዊም ሕንዳዊም ይገኛል ማለት ነው።

ወደ ጎንደር ስንመጣ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው በአገር ላይ ማወጃቸው ብዙ ደም አፋሰሰ። በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ገደማም ጎንደርን ቆረቆሩ። ታዲያ ከአገር የተባረሩ ሰዎች የአባራሪያቸውን ቤተ መንግሥት እንዴት ሊሠሩ ቻሉ? ይህን ጥያቄ መምህሩ ራሱ መመለስ የለበትም፤ ለተማሪዎቹ ሊተውላቸው ይገባል።

ለመልሱ የሚረዱ ማስረጃዎች አሉ። በ1648 ጎንደርን የጎበኘው የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የቤተ መንግሥቱ ሠሪ ሕንዳዊ መሆኑን መዝግቦአል። የወታደሮቹ ዘሮችም በአገሩ ይኖሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንጋይ የፈለጡት፣ ኖራ ያቃጠሉት፣ እንጨት የጠረቡት ያገሩ ሰዎች ናቸው። በተለይ ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በቀጥቃጭነት ለነገሥታቱ እንዳገለገሉ የታወቀ ነው። በድንጋይ መሥራትም ቢሆን ከአክሱምና ከላሊበላ ጀምሮ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አልነበረም። በእንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ደግሞ በትውፊት የሚነገረው ለዐፄ ሠርጸ ድንግል ነው፤ እኒህ ንጉሥ የሞቱት ፓኤዝ ኢትዮጵያ ከመግባቱ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1597 ነው። ሊቃውንቱ ግን ስለዚህ ግንብ ዕድሜ አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውንም ለተማሪ መንገር ጠቃሚ ነው።

እዚህ ላይ ከሁለት ስሕተቶች መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛው ሁሉን ለባዕድ መስጠት ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ አባቶቹ ተመልካች እንጂ ሠሪ እንዳልነበሩ አድርጎ ያስባል። ሁለተኛው የባዕድን ድርሻ ጨርሶ መካድ ነው። ይህም ልጁን ለማስረጃ ሳይሆን ለስሜቱ እንዲታዘዝ ያስተምረዋል። በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ የብዙ አገር እውቀት በኢትዮጵያውያን ነገሥታት ፈቃድና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ድካም የተገናኘበት ሥራ ነው ቢባል ክብሩ አይቀንስም።

አሁን ከጎንደር በጭልጋ በኩል ቁልቁል ወደ መተማ እንውረድ። በገላባትና በባሱንዳ ዙሪያ ያለ ተማሪ በሰፈሩ ግንብም ሙዚየምም ስለማያይ ታሪክ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለዋል። የእርሱ ቅርስ መንገዱ ነው። ዐፄ ፋሲል በቀይ ባሕር በኩል አውሮፓዊ እንዳይገባ ከወደቦቹ ሹማምንት ጋር ከተስማሙ በኋላ የሰናር መንገድ ዋጋው ከፍ አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 ጎንደር ደርሶ ታላቁን ኢያሱን ያከመው በሰናር በኩል መጥቶ ነው። ከእርሱ በኋላ የተላከው ዱ ሩል በ1705 ሰናር ላይ ተገደለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1772 ወደ አገሩ የተመለሰው በዚሁ በኩል ነው። በመጋቢት 1889 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። ይህን ያወቀ የባሱንዳ ልጅ የሚኖረው ከታሪክ ጠረፍ ሳይሆን ከታሪክ በር ላይ መሆኑን ይረዳል።

ዛሬ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ጭኖ ጎንደር ወይም ካርቱም መውሰድ ቀላል አይደለም። በሱዳን በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፎአል። በአማራ ክልልም በዚያው ዓመት የተነሣው ግጭት የመተማና የጎንደርን መንገድ አደገኛ አድርጎታል። ይህ ግን ትምህርቱን ማቋረጫ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ እንዲያውም ያልተመዘገበ ቅርስ ሲጠፋ ምስክር እንደማይኖረው ያስታውሰናል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሠራር ለሥራ ባልደረቦቼ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ተማሪዎች በሥዕልም ይሁን በአካል ስላዩት ሕንጻ አራት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ማን አዘዘው? ማን አቀደው? ማን በእጁ ሠራው? ይህንንስ በምን አወቅን? አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ፓኤዝ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ታሪክ አንዱ የእጅ ጽሑፍ ሮም፣ ሌላው በሰሜን ፖርቱጋል በሚንሆ፣ በብራጋ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የእኛ ታሪክ ማስረጃ በሩቅ አገር እንደሚቀመጥ፣ የጻፉትም የራሳቸው ዓላማ እንደ ነበራቸው ተማሪው በዚህ ይማራል። ሁለተኛ፣ የሰናርን መንገድ በካርታ ላይ ይሣሉ፤ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የገበያ፣ የጉድጓድና የማረፊያ ቦታዎችን ስም ይጨምሩበት። ሦስተኛ፣ በክፍሉ አንድ ጥግ ትንሽ ሙዚየም ያቋቁሙ። ጠገራ ብር፣ ጀበና፣ አሮጌ የእርሻ መሣሪያ ቢመጣ ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንዳዋሰ፣ ለምን ያገለግል እንደ ነበር በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከመቃብር ግን አንዳች ነገር አይነሣ፤ ባለበት ተሥሎና ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ይህን ለመሥራት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና መጠየቅ የለመደ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ መንገዱ ተከፍቶ ጎንደር የደረሰ ዕለት አስጐብኚው «የፖርቱጋል ሥራ ነው» ቢለው፣ «በምን አወቁ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። የታሪክ መምህር ልፋትም ፍሬው ይኸው ነው።