ካልሲየም ወተት ለማይስማማው ልጅ

ለአጥንትና ለጥርስ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከወተትና ከወተት ተዋጽኦ ውጭም ማሟላት ይቻላል። በአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ የቀን ፍላጎቱ ከ1–3 ዓመት 700፣ ከ4–8 ዓመት 1000፣ ከ9–18 ዓመት 1300 ሚሊግራም ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የአኩሪ አተር መጠጥ የእናት ጡትን ወይም ሐኪም ያዘዘለትን የሕፃናት ወተት አይተካም። የላም ወተት አለርጂ ላለበት ልጅ የፍየል ወተትም መፍትሔ አይደለም፤ ፕሮቲናቸው ይመሳሰላል። ቅቤ የገባበት ወጥም ሊያስቸግረው ይችላል።

በኢትዮጵያ ማዕድ ጤፍ ባለውለታ ነው፤ 100 ግራም ጥሬ እህል 180 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይይዛል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ደግሞ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ጎመንና ቆስጣ ግን እኩል አይደሉም። በቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የጎመኑ በደንብ ይወሰዳል። ጎመን አልበላም ለሚል ልጅ በደቃቁ ከትፎ፣ በዘይት አብስሎ ከሽሮ ጋር በእንጀራ ማጉረስ ይረዳል። ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሰርዲንም ጥሩ ምንጭ ነው።

ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ ማዕድኑ ከታች ስለሚዘቅጥ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይነቅነቅ። ካልሲየም ከአንጀት በሚገባ እንዲወሰድ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ክረምቱ ፀሐይ በሚያንስበት አውሮፓ ለሚያድጉ ልጆች የቫይታሚኑን ጠብታ ሐኪም ያዛል።