ከማዕድን ጉድጓድ ወደ መዝናኛ ሐይቅ፤ ከደንዲ እስከ ዘንፍተንበርግ

አምቦን አቋርጦ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ መነሻው የደንዲ ሐይቅ መሆኑን የምዕራብ ሸዋ አርሶ አደር ጠንቅቆ ያውቃል። ከላይ ሲታይ 8 ቁጥርን የሚመስለው ደንዲም ሆነ ጎረቤቱ ወንጪ፣ እሳተ ገሞራ በተወው ጎድጓዳ ሥፍራ ውሃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ለዚህ ከመብቃቱ በፊት እንግዳውን በፈረስና በጀልባ ለዓመታት ሲያስተናግድ የኖረው የአካባቢው አርሶ አደር ነበር።

ሰው የቆፈረው ጉድጓድስ እንዲህ ሊሆን ይችላልን?

በምሥራቅ ጀርመን ላውዚትስ በተባለው አካባቢ ለድንጋይ ከሰል ሲባል ከመቶ በላይ መንደሮች ተነስተዋል፤ የእርሻ መሬቱም አብሮ ሄዷል። በዘንፍተንበርግ ከተማ አጠገብ የነበረው ማውጫ ከሰሉ ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 የወንዝ ውሃ ተጠልፎ ገባበት። በ1973 ለዋናተኞች ተከፈተ። ስፋቱ 1,300 ሄክታር ገደማ ነው፤ በአባቶች ልኬት 32 ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ በመካከሉ ያለው ደሴት አፈሩ ስለሚናድ እስከ ዛሬ ሰው እንዳይረግጠው ተከልክሏል። በአካባቢው በሚገኙ ሌሎች የከሰል ሐይቆች ደግሞ ተቆፍሮ የወጣው አፈር አየር ሲያገኘው ውሃውን አሲዳማ አድርጎታል። መድኃኒቱ ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ እንግዳ አይደለም፦ ኖራ ነው። እዚያ ግን የሚበተነው በማሳ ላይ ሳይሆን ከመርከብ ላይ ነው።

በዞኑ ካሉት ትላልቅ ቁፋሮዎች አንዱ የሙገር ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ማምረት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. 1984 ወዲህ የአደአ በርጋ የኖራ ድንጋይ ሲፈለጥ ኖሯል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ስንጥቅ ስለሚበዛው ውሃ ያሰርጋል። ጉድጓድ ሁሉ ሐይቅ አይሆንም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዘመቻ ከተቆፈሩት የውሃ ማጠራቀሚያዎች የብዙዎቹን ውሃ መሬት እንደጠጣው አባላት አይዘነጉም። ሐይቅ ያልሆነው ለግጦሽ ወይም ለደን ሊመለስ ይችላል፤ ለዚያም የላይኛው አፈር ከመጀመሪያው ተገፍፎ ለብቻው መከመር አለበት። ከድንጋዩ ጋር ከተደባለቀ በኋላ የሚለየው የለም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ባለፈቃዱ ለአካባቢው ማገገሚያ በቂ ገንዘብ እንዲመድብ ደንግጓል። ገንዘቡ ስንት እንደሆነና አፈሩ የት እንደሚከመር መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ከመግባቱ በፊት፣ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ነው።