ከጉዞ በፊት አገርን ማወቅ፤ ከጃፓን ጋር ካደረግነው ትውውቅ የሚገኝ ትምህርት

ለትምህርት ወይም ለሥራ ልምምድ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰው ስለሚሄድበት አገር አስቀድሞ ምን ሊያውቅ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ባለፈው ክረምት ሳሪስ አቦ በሚገኘው ቤቴ በተግባር ገጠመኝ። ወደ ጃፓን ለሥልጠና የሚሄድ አንድ ወጣት የሙያ መምህር ሊሰናበተኝ መጥቶ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ውሎ አበሉ አጫወተኝ። የአገሪቱን ታሪክ አንብቦ እንደ ሆነ ስጠይቀው ግን፣ «ጋሼ፣ ሥልጠናው ስለ ማሽን ነው፤ ታሪኩ ምን ያደርግልኛል?» ሲል መለሰልኝ።

ጃፓንን የማወቅ ፍላጎት በአገራችን የቆየ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጃፓንን በአርአያነት ጠቅሰዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት መሠረት አድርገዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክተኝነት ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአንባቢ አቀረቡ። ያዩትን ጽፈው ለወገን ማካፈላቸው ታላቅ ውለታ ነው።

ይሁን እንጂ እንግዳ በአብዛኛው የሚያየው አስተናጋጁ ያሳየውን ነው። በ1924 ዓ.ም. ይታይ የነበረው የጃፓን ሥልጣኔ የስድሳ ዓመት ጥረት ፍሬ ነበር። የሜይጂ መንግሥት በ1868 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ፣ ከ1871 እስከ 1873 በኢዋኩራ የተመራ የመልእክተኞች ጓድ አሜሪካንና ኤውሮፓን ዞሮ አጠና፤ የጉዞው ዘገባም በአምስት ቅጽ ታተመ። የትምህርት ሕጉ የወጣው በ1872 ነው። ከዚያም አስቀድሞ ብዙ ልጆች በየመንደሩ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ይማሩ ነበር። በአገራችን ግን በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን መዋስ ሲቻል፣ የቆመበትን መሠረት መዋስ አልተቻለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የአገሪቱን ጥቅምና ዓላማ ማወቅ ነው። መልእክተኞቹ ጃፓን ሲደርሱ የጃፓን ጦር በመስከረም 1924 ዓ.ም. የጀመረውን የማንቹሪያ ወረራ እየገፋበት ነበር። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ ከጃፓን ሕዝብ ብዙው አዝኖልናል፤ መንግሥቱ ግን በ1929 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ተስማምቶ የኢጣልያን ወረራ ሲያውቅ፣ ኢጣልያም በፈንታዋ በማንቹሪያ ላይ የተያዘውን አወቀች። የሕዝብ ወዳጅነትና የመንግሥት ጥቅም ሁልጊዜ አንድ መንገድ እንደማይሄዱ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ በመነሣት የሥልጠና ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡባቸው አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የአገሪቱን የትምህርትና የሥራ ታሪክ እንዲያጠና ጊዜ ይመደብለት። ሁለተኛ፣ ቀድመውት ሄደው የተመለሱ ሰዎች በጎውንም ችግሩንም ሳይሸሽጉ ያስረዱት። ሦስተኛ፣ ሲመለስ ያየውን ብቻ ሳይሆን ያየው ነገር እንዴት እንደ ተገኘ ጽፎ ለመምህራን ያካፍል።

ያ ወጣት ሲሰናበተኝ በ1946 ዓ.ም. የታተመውን የከበደ ሚካኤልን «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አዋስሁት። ማሽኑን እዚያው ያገኘዋል፤ ማሽኑን የሚያሠራው የሥራ ልማድ ከየት እንደ መጣ መጠየቅን ግን ከዚህ ይዞ መሄድ አለበት።